ዶሮዋ ጫግኒ ደረሰች?

የእንጅባራ ሰማይ አይታመንም። ባለፈው ዓመት፣ ክረምቱ ወጣ ብለን ጃንጥላችንን በሰቀልን ሰሞን፣ ከገበያ ስመለስ ዶፍ ያዘኝና ያገኘሁት ባጃጅ ውስጥ ዘልዬ ገባሁ። ዘልዬ ማለቴ ለወግ ነው፤ ጉልበቴ መዝለል ከተወ ቆይቷል። ሾፌሩ ጠጉሩን ግራና ቀኙን ተላጭቶ መሐሉን ያቆመ ወጣት ነው። በአንድ እጁ እየነዳ፣ በሌላው መስታወቱን በጨርቅ እየወለወለ ያንጎራጉራል። መጀመሪያ ልብ አላልሁትም። ኋላ ግን ጆሮዬ ቆመ።

ፈረስ ገዛሁ ብዬ ኮርቻ ስጭንበት፣
እሱ ለካ ያውቃል የትምህርቱን ቤት።

«ልጄ፣ ተሳስተሃል» አልሁት።

«የት መሰለዎት እማማ? በቀበሌው በኩል አይደል የሚሄዱት?»

«መንገዱን አይደለም፣ ዘፈኑን ነው። ትምህርት ቤት አይባልም፤ ጠላ ቤት ነው።»

ባጃጁን ጥግ አስያዘና ዞሮ አየኝ። «እናቴ ናት ያስተማረችኝ፤ በልጅነቴ። እርስዎ ያውቁታል እንዴ?»

«አውቀዋለሁ ወይ? ጠላ ሻጯ እኔ ነበርሁ!»

ፊቱ ላይ የታየውን ድንጋጤ ሳስብ ዛሬም ያሥቀኛል። ነጠላዬንና መነጽሬን አንድ ጊዜ፣ አንገቴ ላይ ያለውን ማተብ አንድ ጊዜ ያያል። መድረክ ላይ እንጂ እውነተኛ ጠላ ሻጭ እንዳልነበርሁ፣ ዕድሜዬን መሥሪያ ቤት ውስጥ ታይፕ ስመታ እንደኖርሁ እስካስረዳው ድረስ ዝናቡ አባራ። ስሙ ሙሉቀን ነው። ከጓደኞቹ ጋር ክራርና ከበሮ ይዘው ሠርግ ላይ ይጫወታሉ። ዘፈኑ የማን እንደሆነ አያውቅም፤ «የድሮ ነው» ብቻ ነው የሚያውቀው። ይኼኔ ነው ልቤ የፈሰሰው። ጋሼ ቢተው «የድሮ» ሆኖ ቀረ ማለት ነው?

ጋሼ ቢተው ዳንግላ ውስጥ ፀጉር አስተካካይ ነበር። ቤቱ አውቶቡስ ከሚቆምበት ማዶ፣ ግድግዳው ሰማያዊ የተቀባ፣ ደጃፉ ላይ መቀስና ማበጠሪያ የተሣለበት ነው። ገና በሩ ላይ አልኮልና ቫዝሊን ይሸትታል። ዛሬም አንዱ ወጣት ፀጉሩን ተስተካክሎ ባጠገቤ ሲያልፍ ዳንግላ ድቅን ትልብኛለች፤ ቀይ አፈሯ፣ የባሕር ዛፍ ጥላዋ፣ ከአውቶቡሱ መስኮት አንገታቸውን አውጥተው የተቀቀለ እንቁላል የሚገዙት መንገደኞች። ያን ጊዜ ፀጉር በስሙኒ ነው፤ ከጢም ጋር ሽልንግ ይከፈላል፤ ተራ ጠባቂው ከጎን ካለችው ቤት ሻይ ባሥር ሳንቲም እያስመጣ ይጠጣል። ታዲያ ሰው ሁሉ አፍሮ በሚያሳድግበት ዘመን ፀጉር አስተካካይ ምን ይሠራል? ክራሩን ከመስታወቱ አጠገብ ሰቅሎ ወሬ ያዳምጣል። ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሁሉ ለዘፈን ተቀመጠ ማለት ነው። አንዱ ገበሬ ከሰካራም ፈረስ ገዝቶ መቸገሩን አጫወተው፤ በሳምንቱ የፈረሱ ዘፈን ከተማውን ሞላው። ፈረስ ደግሞ በእኛ አገር የዋዛ ነገር አይደለም፤ ሰው ፈረሱን ከወንድሙ አሳንሶ አያይም። ለዚህ ነው ያን ያህል የተሣቀው። ሰውየው አማቱን ሊጠይቅ አጊጦ ይነሣል፤ ፈረሱ የቀድሞ ጌታውን ልማድ አልረሳምና ጠላ ቤት በደረሰ ቁጥር ቀጥ ይላል፤

አማቴ ዘንድ ብዬ ነጭ ጋቢ ለብሼ፣
አረቄ ቤት በር ላይ ቀረሁኝ ደርሼ።
ዳማ እንዴት ከረምህ ይሉታል በደስታ፣
እኔን ማን ጠየቀኝ፣ ከላይ ያለሁት ጌታ?

እኔ የገባሁበት በኪነት ነው። ያን ጊዜ ኪነት የሌለው ቀበሌ አልነበረም። ካኪ ለብሰን፣ ሸራ ጫማ ተጫምተን፣ በሰልፍ ቆመን ከበላይ የተላከውን መዝሙር እንዘምራለን። ሕዝቡም በጨዋ ደንብ ያጨበጭባል። እሱ እንዳለቀ ከኋላ «ቢተው! ቢተው!» የሚል ጩኸት ይነሣል። ጋሼ ቢተው ሦስት ሰው የሚያስገባ ካፖርቱን ለብሶ፣ የመጥረጊያ እንጨት እንደ ፈረስ ጋልቦ ይወጣል። ገና አፉን ሳይከፍት ሰዉ ይፈርሳል። እኔ ተቀባዩ ነበርሁ። በፈረሱ ዘፈን ጠላ ሻጭ ነኝ፤ በቤልቦተሙ ዘፈን የልጄ እግረ ሰፊ ሱሪ መንገድ ስለጠረገ በቀን ስሙኒ ደመወዝ ቁረጡለት ብዬ ማዘጋጃ ቤት የምከራከር እናት ነኝ። ከሁሉ በላይ ግን ሰዉ የሚወደው ማማሰያ ይዤ የምወጣበትን ነው። ያን ጊዜ ሚስቱ ነኝ፤ እትዬ የሺ።

የሺ ስትቆጣ ድመት ጣራ ወጣች፣
ዶሮዋም ጓዟን ይዛ ጫግኒ ተሳፈረች።
እኔ ባሏ ብቻ መሸሻ አጥቼ፣
መሶብ ውስጥ ገባሁ ክዳኑን ዘግቼ።

እኔ ማማሰያዬን እያወዛወዝሁ መድረኩን ዙሪያውን አባርረዋለሁ። ዳንግላ በሣቅ ትታመማለች። እውነተኛዋ እትዬ የሺ ግን ድምፅዋ ከጎረቤት የማይሰማ ሴት ነበረች። ከፋግታ በኩል ተድራ የመጣች፣ ገበያ ላይ በሶና ቅመም የምትሸጥ፣ ስትመዝን እንኳ ቀና ብላ የማታይ። መንገድ ላይ ሲያገኟት የከተማው ልጆች «እትዬ የሺ፣ ዶሮዋ ጫግኒ ደረሰች?» ይላሉ። ትልልቆቹም እሷን ለማየት ብቻ በርበሬ ይገዛሉ። እሷ ምንም አትመልስም። አንድም ቀን እኛ የምንጫወትበት ቦታ ድርሽ ብላ አታውቅም።

ባጃጁ ውስጥ ይህን ሁሉ እንዴት እንዳወራሁት አላውቅም፤ ሙሉቀን ደጄ ካደረሰኝ በኋላም ሞተሩን አጥፍቶ ሲያዳምጠኝ ነበር። በማግስቱ ስመኝ የምትባል ዘፋኝ ጓደኛውን አስከትሎ መጣ። ስመኝ ቀጭን፣ ዓይነ ፈጣን ልጅ ናት። «እማማ አበቡ፣ ያስተምሩን» አለችኝ። ጋሼ ቢተው ካረፈ ስንት ክረምት አልፏል፤ ዘፈኖቹን በካሴት ያስቀረ የለም። ጭንቅላቴ ውስጥ ያሉትን አንድ ባንድ አወጣኋቸው። ወጥ እየሠራሁ፣ ልብስ እያጠብሁ፣ የረሳሁት ግጥም ሳይታሰብ ብቅ ሲል ስልክ እደውላለሁ። «ሙሉቀን፣ ያዘው፣ መጣልኝ!» እለዋለሁ። እሱም ባጃጁን አቁሞ ይቀበለኛል፤ ከኋላ የተሳፈረው ሰው ሲሥቅ በስልኩ ይሰማኛል።

የመጀመሪያው ዝግጅታችን አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ነበር። አዳራሹ ሙሉ ነው፤ ሁሉም ስልኩን ወደ እኛ ደግኗል። በቤልቦተሙ ጀመርን። እኔ በዚያ ዘፈን ሰው ከወንበር ሲወድቅ ያየሁ ነኝ። ዘፈንን፤ ጸጥ። ቀጠልን፤ ጸጥ። ከፊት የተቀመጠች ልጅ ጓደኛዋን «ስሙኒ ምንድን ነው?» ብላ ስትጠይቃት በጆሮዬ ሰማሁ። ሲያልቅ በትሕትና አጨበጨቡልን፤ ያ የመዝሙሩ ጊዜ ጭብጨባ ነው፣ አውቀዋለሁ። የፈረሱ ዘፈን ባያድነን ኖሮ ከዚያ መድረክ በሰላም አንወርድም ነበር። ፈረስ ዛሬም ፈረስ ነው፣ አማትም አማት ናት፤ ዳማ አረቄ ቤት በር ላይ ሲቆም አዳራሹ ተነቃነቀ።

ስንመለስ ሙሉቀን «ቤልቦተሙን እንለውጠው» አለ።

«የሙት ሰው ዘፈን ይነካል እንዴ?» ተቆጣሁ።

ስመኝ ግን ቀስ ብላ፣ «ጋሼ ቢተው ዛሬ ፀጉር ቤት ቢኖራቸው ስለ ማን ሱሪ ይዘፍኑ ነበር?» አለችኝ። እሱ እኮ ትናንት የሰማውን ነው ዛሬ የሚዘፍነው። እዚያው ቆመን፣ የሷን ሱሪ እያየን ገጠምን፤

ልጄ ሱሪ ገዛ ጉልበቱ ቀዳዳ፣
እናቱ ሰፋችው መስሏት የተጎዳ።

በሚቀጥለው ጊዜ ይህን ስንል ልጆቹ እርስ በርሳቸው ጉልበት ለጉልበት እየተያዩ በሣቅ አለቀሱ። ከዚያ ወዲያ ስማችን ወጣ። ከአዲስ ቅዳምም ከጥሊሊም ይጠሩን ጀመር። በሄድንበት ሁሉ ግን ከኋላ ወገን አንድ ሽማግሌ ይነሣና «የሺን! የሺን ዝፈኑልን!» ይላል። እኛ ደግሞ እሷን አልነካንም። እትዬ የሺ በሕይወት አለች፤ ዳንግላ ነው የምትኖረው። ሳናስፈቅዳት ስሟን መድረክ ላይ ማውጣት አልሆነልኝም። እንጅባራ አዳራሽ ትልቁን ዝግጅት ስንቀበል ግን ሰው የሚመጣው ለዚያ ዘፈን መሆኑን ሁላችንም አውቀነዋል። ሦስታችንም ሚኒባስ ተሳፍረን ዳንግላ ወረድን።

ዳንግላ ዛሬ ሌላ ናት። ፀጉር ቤቱ የስልክ ዕቃ መሸጫ ሆኗል፤ ባጃጅ እንደ ንብ ይተማል። የእትዬ የሺ ግቢ ግን ጌሾው፣ ጎመኑ፣ ሁሉም በቦታው ነው። ልጇ አጠገቧ ቤት ሠርታ ትጦራታለች። አቅፋ ሳመችኝ። ልጆቹን «ግቡ፣ ግቡ» ብላ በሶ በጠበጠችላቸው። ነገሩን ሳወጣ ግን ፊቷ ተቀየረ።

«አይሆንም» አለች። ድምፅዋ ያው ዝቅ ያለ ነው።

«እትዬ የሺ፣ ሰው እኮ ጋሼን እየወደደ ነው የሚሥቀው…»

«እሱን እየወደደ፣ በእኔ እየሣቀ።» ነጠላዋን ሰብሰብ አደረገች። «አበቡ፣ አንቺ ማማሰያውን አስቀምጠሽ ወደ ቤትሽ ትሄጃለሽ። እኔ ግን በማግስቱ ገበያ እወጣለሁ። ባሌን ስቀብር እንኳ ከለቀስተኛው መሐል አንዱ ስለ ዶሮዋ አንሾካሾከ። ሰምቻለሁ። አሁን ደግሞ ለልጅ ልጆቼ ልታወርሱልኝ ነው?»

ሙሉቀን ብርጭቆውን አስቀመጠና፣ «እናቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልን። ካልፈቀዱ አይዘፈንም፣ አለቀ» አላት። ከልቡ ነበር። ልንነሣ ስንል ስመኝ በሩ ላይ ዞር ብላ ጠየቀቻት። «እማማ፣ ጋሼ ይህን ሲዘፍኑብዎ እርስዎ ቤት ውስጥ ምን ይሏቸው ነበር?»

እትዬ የሺ ቀና ብላ አየቻት። ከዚያ የከንፈሯ ጥግ ነቃ አለ። «ምን እለዋለሁ… እመልስለት ነበር።»

«እንዴት?»

«በግጥም ነዋ! በግጥም የመጣን በምን ትመልሺዋለሽ?»

እኔ የዚያ ሰው ተቀባይ ሆኜ ያን ሁሉ ዓመት ስኖር ይህን ሰምቼ አላውቅም። «አንድ በይን እስቲ» ብዬ ለመንኋት። አሻፈረኝ አለች። ብቻ ስትሸኘን፣ አጥሩ ጋ ደርሰን፣ ክንዴን ያዘችኝ። «ቢተው መልሴን ሲሰማ መሬት ላይ እየተንከባለለ ይሥቅ ነበር። ‹ይህንን አደባባይ ካወጣነው የኔን ማን ይሰማዋል?› ይለኛል። እኔም አፍር ነበር፤ ያን ጊዜ ሴት መድረክ ላይ… አንቺ ደፋር ነበርሽ።» ክንዴን ለቀቀች። «አሁን ግን ምን ያሳፍረኛል? በዚህ ዕድሜዬ! ዝፈኑት። ግን እኔም እመጣለሁ። እናንተ እንደጨረሳችሁ የኔን እላለሁ። የኔ ከሌለ ዘፈኑም የለም።»

እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። እንጅባራ ጉም ለብሳለች፤ አዳራሹ ውስጥ ግን በሰው ትንፋሽ ሞቋል። ወጣቱ ከፊት፣ ጋቢ የለበሱት ሽማግሌዎች ከኋላ፣ ከገጠር የመጡት በግድግዳው ጥግ ቆመዋል። እትዬ የሺ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ፣ ከልጇ አጠገብ ተቀምጣለች። ማንም አላወቃትም። እኔ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም። በሕዝቡ ፊት ብትሰበርስ? ድምፅዋ ባይወጣላትስ? ሙሉቀን ካፖርቱን ለብሶ፣ እኔ ማማሰያዬን ይዤ ወጣን። ያቺን ድሮ የማባርርበትን ዙር ዛሬ አንዴ እንኳ መጨረስ ስላቃተኝ ማማሰያውን ለስመኝ አቀበልኋት፤ ሰዉ ይህንንም የጨዋታው ክፍል መስሎት ሣቀ። ሙሉቀን መሶቡ ውስጥ ገብቶ ክዳኑን ሲዘጋ አዳራሹ ቀለጠ። ሣቁ በረድ ሳይል ስመኝ ማይኩን ይዛ፣ «የሺ እዚህ አለች። መልስ አላት» አለች።

እትዬ የሺ ቀስ ብላ ወጣች። ማይኩን አልያዘችም፤ ስመኝ ናት የያዘችላት። መጀመሪያ ድምፅዋ አልወጣም። ሙሉቀን ከመሶቡ ወጥቶ በክራሩ ጠበቃት፤ ያችኑ ዜማ እየደጋገመ፣ ሳይቸኩል። ጉሮሮዋን ጠረገች።

መሶቡ ውስጥ ገብቶ ክዳኑን ቢዘጋ፣
እንጀራውን ጨርሶ ወጣ ሲነጋጋ።

የሆነውን እንዴት ልንገራችሁ? ጣራው የተነሣ መሰለኝ። ሽማግሌዎቹ ከወንበራቸው ተነሡ። እሷ ግን ልክ በርበሬ እንደምትመዝን፣ ፊቷ ሳይፈታ፣ ሣቁ እስኪያልፍ ጠበቀችና ቀጠለች።

ጫግኒ ሄደች ያላት የዶሮዋ ነገር፣
ላባዋን አገኘሁ ከካፖርቱ ሥር።

እኔ ራሴ መድረኩ ላይ ቁጭ አልሁ፤ መቆም አልቻልሁም። ስንት ዘመን ስዘፍን ለካ ሌባው አጠገቤ ካፖርት ለብሶ ቆሞ ነበር! ሦስተኛውን በአገውኛ አለችው። መጀመሪያ ከግድግዳው ጥግ ፈነዳ፤ የከተማው ሰው «ምን አለች? ምን አለች?» እየተባባለ ሲተረጎምለት ሁለተኛ ሣቅ ከመሐል ተነሣ። ትርጉሙን እዚህ አልጽፈውም፤ ጋሼ ቢተው ስለሚኮራበት ጢሙ ነው፣ በዚሁ ይብቃን። ከዚያ እጇን ወደ ላይ አነሣች። ሕዝቡ ሲያይ ድምፁን ዋጠ።

አገር ሲያሥቅ ውሎ ደክሞት ቤት ሲመጣ፣
እሱን የማሥቀው እኔው ነኝ፣ በቁጣ።

ይህን ስትል አልተሣቀም። ከኋላ አንዲት ሴት እልል አለች፤ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ አዳራሹ በሙሉ። አንድ ሽበታም ሰውዬ በወንበሮቹ መሐል እየተጋፋ መጥቶ እጇን ሳማት። «እትዬ የሺ፣ በልጅነቴ ስለ ዶሮዋ ከጠየቁሽ አንዱ ነኝ» አላት። እሷም ጉንጩን መታ መታ አድርጋ፣ «አሁን አወቅኸው አይደል?» አለችው።

እሷን ለመሸኘት ያንኑ ቀን ሚኒባስ ውስጥ ገባን። ዝናብ ጥሎ አባርቶ ለከሰል የሚተከለው የዲከረንስ ዛፍ ሁሉ ያብረቀርቃል፤ አዲስ ቅዳም ላይ የከሰል ጆንያ ሲጫን ቆመን ጠበቅን። ረዳቱና ተሳፋሪው ወሬውን ሰምቶ ኖሮ ሁሉም ወደ እሷ ይዞራል። እትዬ የሺ በመስኮቱ ስታይ ቆየች። «ዛሬ ቢኖር ያኮርፍ ነበር» አለች። «ራቱን ሳይበላ ይተኛና፣ ጠዋት ፊቱን እንኳ ሳይታጠብ መልሱን ይዞ ይነሣል። እንዲያ ነበር። አሁን ግን የኔን ብያለሁ፣ ማን ይመልስልኛል?»

ሙሉቀን አላስቻለውም። «የሺዬ ቁጣሽን ስሰማው እንደ ማር ነው፣ አንቺ ብትቆጪኝም እኔ ምንም አልልም…» ብሎ ጀመረ።

«ቤት አልመታም!» አለች እትዬ የሺ። ተሳፋሪው በሣቅ ወደቀ። «ቢተው ይህን ቢሰማ መቀሱን ይወረውርብህ ነበር። እንደገና!»

ሙሉቀን ራሱን እያከከ ሲያስብ ስመኝ ቀደመችው። ዓይኗን ጨፍና፣ በጋሼ ቢተው ዜማ፣ ለስለስ አድርጋ አወጣችው፤

ቁጣሽ ናፍቆኝ መጣሁ ከሩቅ ከሰማዩ፣
አንድ ጊዜ ተቆጪኝ፣ ጎረቤቶች ይዩ።

እትዬ የሺ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፈነች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፤ እያለቀሰች ነው ብዬ እጄን ጀርባዋ ላይ አሳረፍሁ። ዞር ስትል ግን እየሣቀች ነው፤ እንባዋም አለ፣ ሣቁም አለ፣ የቱ የቱን እንዳመጣው እሷም የምታውቅ አይመስለኝም። ከዚያ ወዲያ አንዱ ተሳፋሪ ከኋላ፣ አንዱ ከፊት ግጥም ይወረውራል፤ ሾፌሩ ሳይቀር ሞከረ። እሷ ለሁሉም ትዳኛለች፤ «ይሄ ይሁን፣ ይሄ ይቅር፣ ያንተ ገና ጥሬ ነው።» ሳናውቀው ዳንግላ ገባን። ሾፌሩ ለክብሯ ብሎ ከአስፋልቱ ወጥቶ ደጃፏ ድረስ አመጣት። ረዳቱ በሩን ከፈተና ክንዷን ሊደግፍ እጁን ዘረጋ።

«እማማ፣ ደርሰናል፤ ይውረዱ።»

እትዬ የሺ ንቅንቅ አላለችም። በጣቷ ጉልበቷ ላይ ምቱን እየቆጠረች ነበር።

«ዝጋው ልጄ» አለችው። «መልሴን ሳልሰጠው አልወርድም።»